መቆም በሚችሉበት ፍጥነት እንዴት ይነዳል?

በመንገድ ዳር ምልክት ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የተጻፈው 50 ወይም 80 የፍጥነት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። መንገዱ ደረቅ፣ እይታው ክፍት ቢሆን እንኳ ከዚህ አይለፉ ማለት ነው። ከዚያ በታች በስንት እንደሚነዱ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆሙ ይወቁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ መኪናው በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከቆመ ታክሲ ጀርባ ልጅ ብቅ ቢል፣ አይተው ፍሬን እስኪረግጡ 1 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ሌላ 14 ሜትር ይሄዳሉ። በድምሩ 28። በ100 ሲነዱስ? ብዙ ሰው 56 ይላል። ከ80 ሜትር ይበልጣል! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መንገዱ ከረጠበ ወይም ጎማው ካለቀ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ በሚታይዎት መንገድ ውስጥ መቆም ካልቻሉ፣ ምልክቱ ምንም ቢል ፈጥነዋል። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ፣ ወይም ማታ በአጭር መብራት ሲነዱ የሚታየው ጥቂት ነው።

ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ። ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ተጠግተዋል። በዝናብ እስከ አምስት ይቁጠሩ።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገቡ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እምቢ ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጭነት መኪና ላይማ ጨርሶ አይሞከርም።

ረጅም መንገድ በ100 ነድተው ከተማ ሲገቡ 60 ራሱ የቆሙ ያህል ይሰማዎታል። ስሜትዎን ትተው ቆጣሪውን ይዩ። እግረኛና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 30 ነው።

ቸኩለዋል? 80 ኪሎ ሜትር መንገድ በ100 ሲነዳ 48 ደቂቃ፣ በ120 ሲነዳ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ነው። ቀደም ብለው ይነሱ።

ተሳፋሪ ከሆኑም ዝም አይበሉ። «ወንድም፣ ቀስ በል እንጂ» ይበሉ። አልሰማ ካለ ታርጋውን ይያዙና ለትራፊክ ፖሊስ ይንገሩ።