ስለ ኢንተርኔት ሳንሱር ቀልድ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደር የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ምሽቶች ላይ ስለ ኢንተርኔት ሳንሱርና ስለ ይዘት ማጣሪያ የሚቀርብ ቀልድ ሳያስቅ የሚቀረው፣ ብዙውን ጊዜ ደራሲው ማጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሳይረዳ ስለሚጽፍ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ማቋረጥንና ማጣራትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቀረ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ ማጣሪያ ግን አንዱን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል፤ የሚያስቀውም ምርጫው ሲሳሳት ነው። የመስመር መቋረጥ ብዙ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ስለሆነ በማጣሪያ ቀልድ መካከል እንደ ዋዛ ሊነሣ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ማጣሪያውን ሁሉን ዐዋቂ ተንኮለኛ አድርጎ መሣል ነው። ቃል እየፈለገ የሚዘጋ ማጣሪያ ፊደልን ከፊደል ያስተያያል እንጂ ትርጉም አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ኤኦኤል ማጣሪያ የእንግሊዟ ስከንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች አካውንት እንዳይከፍቱ የከለከለው፣ በከተማዋ ስም ውስጥ የስድብ ቃል የሚሠሩ ፊደላት ተከታትለው ስለተገኙ ነው። ይህን ታሪክ ብቻ መደጋገም ግን ስንፍና ነው፤ አማርኛ የራሱ ምሳሌ ሞልቶታል። ተማሪን ከመጠጥ ለማራቅ «ጠላ» የሚለውን ቃል የከለከለ ማጣሪያ፣ «ጠላት» የሚል ስላገኘበት ብቻ ስለ ዐድዋ የተጻፈ ገጽ ይዘጋል፤ «ሰካራም»ን የከለከለው ደግሞ አንዱ በንጉሡ ሠ «ሠካራም» ብሎ ሲጽፍ ያለ አንዳች ጥያቄ ያሳልፈዋል። መድረክ ላይ መውጣት ያለበት እንዲህ ያለው ነው።

ቀልዱን እንደ እውነት፣ እውነቱን እንደ ቀልድ ማቅረብም ይታያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2003 የወጣው የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያው የስቲቨን ቤሎቪን ሰነድ፣ ጥቃት ፈጻሚዎች በሚልኩት የዳታ ጥቅል ላይ «ክፉ ነኝ» የሚል ምልክት እንዲያደርጉና ፋየርዎልም (የኔትወርክ በር ጠባቂው ፕሮግራም) ያንን እያየ ጥቅሉን እንዲጥል ሐሳብ ያቀርባል። በፈረንጆች የቀልድ ቀን የታተመ ሆኖ ሳለ እንደ እውነተኛ ደንብ የሚጠቅሱት አሉ። በአንጻሩ፣ አንድ ድረ ገጽ በሕግ ትእዛዝ መታገዱን ለጎብኚው የሚገልጸው 451 የተባለ የስህተት ኮድ፣ መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዓለም ከሚናገር ልብ ወለድ ርዕስ ቁጥሩን ቢወስድም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትክክለኛ ደንብ ነው።

አራተኛው ወርቁን አፍረጥርጦ መናገር ነው። በአዝማሪ ግጥም ጆሮው የሠለጠነ የጎንደር ታዳሚ ሰሙን ከሰማ ወርቁን ራሱ ያወጣል፤ ከግጥሙ ቀጥሎ ማብራሪያ የሚጨምር ደራሲ ሳቁን ያመክነዋል። የቻይና ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ድምፁ ከስድብ ጋር የሚመሳሰል የፈረስ ስም ፈጥረው ማጣሪያውን ያለፉት፣ ምንም ሳያብራሩ ነበር።

በመጨረሻም፣ ወላጅ በልጁ ስልክ ላይ የሚጭነው ማጣሪያና መንግሥት የዜና ገጽ የሚዘጋበት አሠራር በአንድ ቀልድ ሊጨፈለቁ አይገባም፤ ደራሲው ማን፣ ከማን፣ ምን እንደሚከለክል በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይለይ።