ቢሲሲን ያወቅኩት በስልክ ጥሪ ነው

ጅማ ውስጥ የተቆላ ቡና እሸጣለሁ። በየሳምንቱ ዋጋውን ለ43 ደንበኞች በኢሜይል እልካለሁ። አድራሻዎቹን «ቱ» (To) የሚለው ቦታ ላይ ደርድሬ፣ ላክ! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር።

ባለፈው ሰኞ አንድ ትልቅ ሰው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ቡና በርካሽ ልሽጥልዎ እያለ ይጽፍልኛል። አድራሻዬን ከየት አመጣው?» ከየት ያመጣዋል፣ ከእኔው ነዋ! «ቱ» ላይ ያለ አድራሻ ኢሜይሉ ለደረሰው ሰው ሁሉ ይታያል። አፈርኩ።

ጂሜይልን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። «ቱ» አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስነካት «ሲሲ» (Cc) እና «ቢሲሲ» (Bcc) ብቅ አሉ። ሲሲ አይረዳም፤ እሱም ለሁሉም ይታያል። ቢሲሲ ግን አድራሻዎቹን ከሌሎቹ ተቀባዮች ይደብቃል። አድራሻዎቹን በሙሉ ቢሲሲ ውስጥ ከተትኩ፣ «ቱ» ላይ የራሴን ብቻ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ግን ለእህቴ ልኬ በእሷ ስልክ አየሁት። ከላይ የእኔ አድራሻ ብቻ ነው ያለው። የተላኩ ደብዳቤዎች ውስጥ ለእኔ ሁሉም ይታየኛል፤ ያ ችግር የለውም።

አንድ ነገር ሊያሳስተኝ ነበር። የድሮውን ኢሜይል ከፍቼ «ለሁሉም መልስ» እያልኩ ነበር አዲሱን ዋጋ የምልከው። እንደዚያ ሲደረግ የቀድሞዎቹ አድራሻዎች «ቱ» እና «ሲሲ» ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ ሁሌ ከባዶ እጀምራለሁ።

የወጣውን ግን መመለስ አይቻልም። የጂሜይል «ቀልብስ» ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው የሚሠራው። ለደንበኞቼ ይቅርታ ጻፍኩ፣ በቢሲሲ።