ጨዋታው በ1 ነጥብ ሲያልቅ፦ የትዋይላይት ስትራግልን የመጨረሻ ዙሮች እንዴት እንጫወት?

ለሁለት ሰው ከሚሆኑ የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታዎች ልብ አንጠልጣይ አጨራረስ ያለው የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ትዋይላይት ስትራግል። አናንዳ ጉፕታ እና ጄሰን ማቲውስ የሠሩት፣ ጂ.ኤም.ቲ. ጌምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቀዝቃዛው ጦርነት ጨዋታ ነው። አንዱ አሜሪካን ይይዛል፣ ሌላው ሶቪየት ኅብረትን። ከ1945 እስከ 1989 ያለው ዘመን በ10 ዙር ያልፋል። ካርድ እየጣላችሁ በዓለም ካርታ ላይ የተጽዕኖ ምልክቶች ታስቀምጣላችሁ፣ ኩዴታ ታካሂዳላችሁ፣ ነጥብ ትሰበስባላችሁ።

ነጥቡ የሚቆጠረው በአንድ መስመር ላይ ነው። መሃሉ 0 ነው። አንዱ ሲያገኝ ምልክቷ ወደ እሱ ትሄዳለች፣ ሌላው ሲያገኝ ትመለሳለች። 20 የደረሰ ወዲያው ያሸንፋል። ማንም 20 ሳይደርስ 10ኛው ዙር ካለቀ ግን ሁሉም ክልል እንደገና ይቆጠራል። ነገሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። 8 ነጥብ እመራለሁ ብሎ የተዝናና ሰው በዚህ ቆጠራ ሲሸነፍ አይቻለሁ።

ብዙ ጀማሪዎች በ1 እና በ2 ነጥብ ያለቀን ጨዋታ "ዕድል ነው" ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዳይስ አለ፣ የካርድ ዕጣ አለ፣ እሱ እውነት ነው። ግን የመጨረሻዋ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ቀደም ብሎ ቆጥሮ ለጠበቃት ሰው ነው።

ከ8ኛው ዙር ጀምራችሁ ቁጠሩ

አንድ ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ። ስድስት መስመር ስጡት፤ አውሮፓ፣ እስያ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አፍሪካ፣ ማዕከላዊ አሜሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ። ደቡብ ምሥራቅ እስያ በጨዋታው መሃል የራሷ የነጥብ ካርድ (ሲጣል የክልሉን ነጥብ የሚያስቆጥር ካርድ) አላት፤ በመጨረሻው ቆጠራ ግን ከእስያ ጋር ነው የምትታሰበው፣ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሯት።

እያንዳንዱ ክልል ሦስት ደረጃ አለው። መገኘት (ቢያንስ አንድ አገር መያዝ)፣ የበላይነት፣ ሙሉ ቁጥጥር። አፍሪካ 1፣ 4፣ 6 ይሰጣል። እስያ 3፣ 7፣ 9። መካከለኛው ምሥራቅ 3፣ 5፣ 7። ማዕከላዊ አሜሪካ 1፣ 3፣ 5። ደቡብ አሜሪካ 2፣ 5፣ 6። አውሮፓ 3 እና 7 ሲሆን፣ አውሮፓን ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረ ሰው ጨዋታውን እዚያው ያሸንፋል፤ የሌላው ክልል ነጥብ አያድነውም። በዚህ ላይ ለያዛችሁት ለእያንዳንዱ ቁልፍ አገር (ጨዋታው ይበልጥ ወሳኝ ብሎ በካርታው ላይ ለለየው አገር) 1፣ ከተቃራኒው ኃያል አገር ጋር ለሚዋሰን ለእያንዳንዱ አገር ደግሞ 1 ይጨመራል።

አሁን ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። በአፍሪካ ከመገኘት ወደ የበላይነት ስትሻገሩ 3 ነጥብ ታገኛላችሁ። በእስያ እና በአውሮፓ 4። ይህ ሁሉ ልዩነት ደግሞ በአንድ ትንሽ አገር ሊመጣ ይችላል። የበላይነት ለማግኘት ከተቃራኒያችሁ የበለጠ ቁልፍ አገር፣ በጠቅላላውም የበለጠ አገር መያዝ አለባችሁ፤ ከያዛችኋቸውም ቢያንስ አንዱ ቁልፍ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ቁልፍ ያልሆነ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው ቁልፎቹ ላይ ነው። ጨዋታ የሚያልቀው ግን በተረሱት አገሮች ነው።

ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ክልል አጠገብ አንዲት ጥያቄ ጻፉ፦ "እዚህ አንድ አገር ቢጨመርልኝ ወይም ቢቀነስበት ደረጃው ይቀየራል?" አዎ የሚል መልስ ያለው ክልል የመጨረሻው ዙር የጦር ሜዳችሁ ነው። ሌላውን እርሱት።

ኢትዮጵያ የወሰነችው ጨዋታ

ከአክስቴ ልጅ ጋር የተጫወትነውን አንዱን ልንገራችሁ፣ ስሌቱ በደንብ የሚታይበት ስለሆነ። እኔ አሜሪካ ነበርኩ፣ እሱ ሶቪየት። በ10ኛው ዙር መጨረሻ እሱ በ3 ነጥብ ይመራል። የቻይና ካርድም እሱ ጋ ነው፣ ለዚያ ሌላ 1 ያገኛል። ከአፍሪካ በስተቀር የሌሎቹ ክልሎች ድምር ሲቀናነስ ለእኔ 1 ነጥብ ይተርፋል። ማለትም አፍሪካ ሳትቆጠር እሱ በ3 ይመራል።

አፍሪካ ላይ አምስት ቁልፍ አገሮች አሉ። ናይጄሪያ፣ ዛየር እና ደቡብ አፍሪካ የእኔ ናቸው። አልጄሪያ እና አንጎላ የእሱ። ከቀሩት ሱዳንን እኔ ይዣለሁ፤ ግብፅ በሳዳት ካርድ ወደ እኔ ከዞረች በኋላ ነው የገባሁባት። ዚምባብዌ እና ቱኒዝያ የእሱ ናቸው። በቁልፍ አገር 3 ለ 2 እበልጠዋለሁ፤ በጠቅላላው ግን 4 ለ 4 ነን። የበላይነት የለም። እኔ 4 ነጥብ፣ እሱ 3። እንዲሁ ቢቆጠር በ2 ነጥብ ተሸንፌያለሁ።

እሱ የመጨረሻ ካርዱን ፓኪስታንን ለማጠናከር ተጠቀመበት። እኔ እጄ ላይ የቀረችው ጥሩ ካርድ የፓናማ ቦይ መመለስ ነበረች፤ ዋጋዋ 1 ብቻ ናት። በ1 ተጽዕኖ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ኢትዮጵያ ባዶ ነበረች። በጨዋታው የኢትዮጵያ መረጋጋት (አገሩን ለመያዝ ከተቃራኒያችሁ መብለጥ ያለባችሁ የምልክት ብዛት) 1 ነው፤ ማንም ከሌለባት አንድ ምልክት ይበቃታል። ከሱዳን ጋር ትዋሰናለች፣ ሱዳን ደግሞ የእኔ ናት። ካሜሩንም ክፍት ነበረች፣ ያው ውጤት ትሰጠኝ ነበር። እጄ ግን ወደ አገሬ ሄደ።

"ቆይ፣ ቆይ... እስቲ ቁጠሪልኝ" አለኝ። ቆጠርኩለት። 5 ለ 4 ሆንኩ። የበላይነት መጣ፤ 4 ሲደመር 3 ቁልፍ አገር፣ 7። እሱ ያው 3። ልዩነቱ 4 ሆነ። እሱ የነበረው 3፣ እኔ ያመጣሁት 4። ምልክቷ ከ0 አልፋ አንድ ቤት ወደ እኔ ሄደች።

በነገራችን ላይ ለኢትዮጵያ 1 መስጠታቸው ቅር አይለኝም። በ1977 ሶቪየቶች ሶማሊያን ትተው ወደ ኢትዮጵያ ሲዞሩ፣ አሜሪካኖችም አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያ ለቀው ሲወጡ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው አገራችን በዚያ ዘመን እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደገባች ያውቃል።

የመጨረሻውን ተራ ማን ይጫወታል?

በእያንዳንዱ ዙር ሶቪየት ይጀምራል፣ አሜሪካ ይጨርሳል። ከ4ኛው ዙር ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው 7 ተራ አለው። ስለዚህ የ10ኛው ዙር 7ኛ ተራ የአሜሪካ ነው፤ ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጥ የለም።

አሜሪካን ከያዛችሁ ለዚያ ተራ ንጹሕ ካርድ አቆዩ። ንጹሕ ስል የራሳችሁ ወይም የማንም ያልሆነ ካርድ ማለቴ ነው፤ የተቃራኒያችሁን ካርድ ለተጽዕኖ ስትጠቀሙ በላዩ የተጻፈው ክስተት ይፈጸማልና። ዋጋው ቢበዛ ጥሩ ነው። ተቃራኒ በያዘው አገር አንድ ምልክት ማስቀመጥ 2 ይፈጃል፤ በ4 ብዙ ይሠራል፣ በ1 ግን ባዶ አገር መፈለግ ነው። ለዚያም ቢሆን አጠገቡ አስቀድማችሁ መገኘት አለባችሁ። ሱዳን ባትኖረኝ ኢትዮጵያ አትደረስም ነበር። በ8ኛው እና በ9ኛው ዙር ትርፍ ምልክት ካላችሁ ወደ ባዶ አገሮች ደጃፍ ላኩት።

ሶቪየትን ከያዛችሁ ደግሞ ሥራችሁ ቀዳዳ መድፈን ነው። የመጨረሻ ካርዳችሁን ከመጣላችሁ በፊት "አሁን አሜሪካ በ4 ተጽዕኖ የት ይጎዳኛል?" ብላችሁ ክልሎቹን አንድ በአንድ ዙሩ። የአክስቴ ልጅ ከዚምባብዌ አጠገብ ያሉትን፣ በካርታው ላይ እንደ አንድ አገር የሚቆጠሩትን የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ቢይዝ ኖሮ ኢትዮጵያን ይዤም 5 ለ 5 እንሆን ነበር። ለዚያ 1 ምልክት ይበቃው ነበር።

የቻይና ካርድ

በ10ኛው ዙር መጨረሻ የቻይናን ካርድ የያዘ ሰው 1 ነጥብ ያገኛል። ካርዱን ከተጠቀማችሁበት ግን ወደ ተቃራኒያችሁ ይሄዳል። ስለዚህ በ10ኛው ዙር ስትጥሉት የምታጡት 1 አይደለም፤ የእናንተ 1 ይቀራል፣ የእሱ 1 ይጨመራል፣ ልዩነቱ 2 ነው። ካርዱ 4 ዋጋ አለው፣ ሁሉም እስያ ላይ ከዋለ 5። በእሱ ደረጃ የሚቀየር ክልል ካለ ጣሉት፣ 3 ወይም 4 ነጥብ ታገኙበታላችሁ። ከሌለ እጃችሁ ላይ ይቆይ።

የሚረሳው ሂሳብ

በየዙሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ተጫዋች ከዴፍኮን (ከ5 ወደ 1 የሚወርድ የኒውክሌር ጦርነት ስጋት መለኪያ) ቁጥር እኩል ወታደራዊ እንቅስቃሴ ማድረግ አለበት። የጎደለው ለተቃራኒው ነጥብ ይሆናል። ዴፍኮን 2 ላይ ከሆነ 2 ያስፈልጋችኋል፤ ምንም ካላደረጋችሁ 2 ነጥብ ሰጣችሁ ማለት ነው። በ1 ነጥብ ለሚያልቅ ጨዋታ ይህ ሞት ነው።

መፍትሔው ኩዴታ ነው፤ ቦታው ግን ይመረጥ። ዴፍኮን 2 ሲሆን አውሮፓ፣ እስያ እና መካከለኛው ምሥራቅ ዝግ ናቸው። በቁልፍ አገር ኩዴታ ከሞከራችሁ ዴፍኮን 1 ይሆናል፣ የኒውክሌር ጦርነት ተነሣ፣ ተሸነፋችሁ። የሚቀራችሁ በአፍሪካ እና በላቲን አሜሪካ ያሉት ቁልፍ ያልሆኑ አገሮች ናቸው፤ እነሱም የተቃራኒያችሁ ተጽዕኖ ካለባቸው ብቻ። ዋጋው 2 የሆነ ካርድ በመረጋጋት 1 አገር ላይ ብትጥሉ ዳይሱ ምንም ይምጣ ምን ይሳካል። ኩዴታው ባይሳካ እንኳ የካርዱ ዋጋ ለወታደራዊ እንቅስቃሴ ይያዛል።

እጃችሁ ላይ ያለው ፈንጂ

ዴፍኮን 1 ሲደርስ የሚሸነፈው በዚያ ሰዓት ተራው የሆነ ሰው ነው፤ ያወረደው ሌላ ቢሆንም። ሶቪየት ሆናችሁ ዴፍኮን 2 ላይ ሲ.አይ.ኤ. ክሪኤትድ የሚባለውን የአሜሪካ ካርድ ብትጥሉ አሜሪካ በእናንተ ተራ ቁልፍ አገር ላይ ኩዴታ ያደርጋል፣ እናንተ ትሸነፋላችሁ። ለአሜሪካ ደግሞ ሎን ገንማን የሚባለው የሶቪየት ካርድ እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዋጋቸው 1 ስለሆነ ወደ ሕዋ ውድድር (ክስተቱ ሳይፈጸም ካርድ ወደሚወገድበት ቦታ) መጣል አይቻልም፤ እዚያ ቢያንስ 2 ይጠይቃል።

መውጫው እንዲህ ነው። በ10ኛው ዙር 9 ካርድ ይኖራችኋል። አንዱ በዙሩ መክፈቻ ይጣላል፣ 7ቱ በተራ፣ አንዱ ይተርፋል። የሚተርፈው ያ አደገኛው ካርድ ይሁን። የነጥብ ካርድ ግን ማስተረፍ ክልክል ነው፤ እጁ ላይ የተገኘበት ይሸነፋል። ሁለት መጥፎ ካርድ ከመጣባችሁ አንዱን ዴፍኮን 3 ሳለ፣ ማለትም በዙሩ መጀመሪያ አካባቢ፣ ቶሎ ተገላገሉት።

ዋርጌምስ የሚባለውንም ካርድ አትርሱ። የሚመጣው ከ8ኛው ዙር ጀምሮ ነው። ዴፍኮን 2 ከሆነ ለተቃራኒያችሁ 6 ነጥብ ሰጥታችሁ ጨዋታውን እዚያው መጨረስ ትችላላችሁ፤ የመጨረሻው ቆጠራ አይደረግም። በ7 ከመራችሁ በ1 አሸነፋችሁ ማለት ነው። ወረቀታችሁ የመጨረሻው ቆጠራ እንደሚጎዳችሁ ካሳየ ይህን ካርድ እንደ ወርቅ ያዙት። እየተመራችሁ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን ከ7 በታች ለማውረድ ተጣደፉ።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ቦርዱን ቶሎ አታንሱ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፤ የነጥቡ መስመር፣ ዴፍኮን እና የቻይና ካርድ ያለበት ቦታ ይታዩ። ከፎቶው ጋር ሁለታችሁም በመጨረሻው ዙር የነበሯችሁን ካርዶች ጻፉ። የክርክር ሁሉ መፍቻ እሱ ነው።

እኛ በሚቀጥለው ስንገናኝ ያንኑ 10ኛ ዙር እንደገና እንዘረጋዋለን። ካርዶቹ እነዚያው፣ ምልክቶቹ በነበሩበት፣ ወንበራችን ግን ይቀያየራል። እኔ ሶቪየት እሆናለሁ፣ እሱ አሜሪካ። ሙሉ ጨዋታ ሰዓታት ይወስዳል፤ ይህኛው ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ መጀመሪያ የማደርገውም የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን መያዝ ነው።