በመካነ እንስሳት ውስጥ ልጆች የሚዳብሷቸውን የቤት እንስሳት እንዴት እናዘጋጅ?

አንበሳ ከአጥር ማዶ ይታያል፤ ፍየል ግን ከልጁ መዳፍ ላይ ድርቆሽ ትለቅማለች። ወተትና ሱፍ ከምን እንደሚገኝ በእጁ የሚያውቀው እዚህ ነው። ይህ የሚሠራው ግን እንስሳው ወዶ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ልጁ ይዞ ካስጨነቀው የሚማረው ማስጨነቅን ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመሸሻው ይጀመር። ከጉረኖው ሲሶ ያህሉን ጎብኚ የማይገባበት አድርጋችሁ እጠሩ፤ ፍየልና በግ ሾልከው የሚያልፉበት ክፍተት ይኑረው። ጥላና ውኃም እዚያ አይጉደል። ክፍተቱ አንድ ብቻ ከሆነ ጉልበተኛዋ ፍየል ቆማ ሌሎቹን ትከለክላለች፤ ሁለት ይሁን። እንስሳቱ ከመሸሻው አልወጣ ካሉ ጎብኚው በዝቷል፤ ቁጥሩን ቀንሱ፣ እንስሳቱንም በፈረቃ አውጡ።

ለመዳበስ የሚመረጡት ሰው የለመዱ ጎልማሶች ናቸው። ጫጩትና ግልገል ልብ ይስባሉ፤ ሆኖም ጫጩት ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ታስተላልፋለች፣ ጥጃና ግልገልም ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተህዋስ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሚወልዱ በጎች ይራቁ።

ጎብኚ የሚሰጠው ድርቆሽ ብቻ ይሁን፤ እሱም ከዕለት ድርሻው ይቀነስ። እህልና ዳቦ ሲበዛ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይፈጠርና እንስሳውን እስከ ሞት ያደርሰዋል። መዳብ የተጨመረበት የፍየል መኖ ደግሞ በግን ይመርዛል።

አብዛኛውን ጊዜ ስህተት የሚሠራው እጅ መታጠቢያው ላይ ነው። ቦታው መውጫው ላይ፣ ከምግብ መሸጫው በፊት ነው። የሚፈስ ውኃ፣ ሳሙናና የወረቀት ፎጣ ይኑር፤ እጅ ለ20 ሰከንድ ይታሽ፤ አንዱ ቧንቧ ለሕፃናት ዝቅ ይበል። ሳኒታይዘር አይተካውም፦ በቆሸሸ እጅ ላይ ይዳከማል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየምንም አይገድልም። ልጅ እንስሳ ባይነካም አጥሩን ይዞ ጣቱን ይጠባልና ሁሉም ይታጠብ። ጡጦ፣ ምግብና የሕፃን ጋሪ ከበር ውጭ ይቅሩ። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን አዋቂ ይጠብቃቸው፤ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል።

ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ ይቁም፦ በጠጡን ቶሎ ይጥረግ፣ ልጆቹም አንገትና ትከሻ እንዲዳብሱ ያሳይ። ግንባሯን የሚገፏት ፍየል መዋጋት ትለምዳለች፤ ያን ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። ጠዋት በሩ ሳይከፈት እያንዳንዱን እንስሳ እዩ፤ ጭርት፣ ተቅማጥ፣ አፉ ዙሪያ ቅርፊት ያዘለ ቁስል ወይም ማነከስ የታየበት ሐኪም እስኪያየው አይወጣም።