የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲበላሽ፦ ባለሙያ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

አዳማ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። ከፍራንኮም ይደወል ከቦኩ ሸነን፣ የሚባለው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ!» የኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ስፒናው ተነቅሏል?»

እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ። ማሽኑን በቁልፉ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። እጃችሁን አድርቁና ስፒናውን ራሱን ይዛችሁ ንቀሉ፤ ገመዱን አትጎትቱ። ወለሉ ላይ ውሃ ፈስሶ ከሆነ ግን ማሽኑ ጋ አትጠጉ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ እሱንም ተዉት። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

በጣም የሚያስጨንቀኝ የሚነዝር ማሽን ነው። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ በደንብ ያጥባል» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ትንሽ የሚባል ንዝረት የለም! ውስጥ ያለ ሽቦ ሲላጥ ወይም ውሃ ማሞቂያው ሲቀደድ ኮረንቲው ወደ ማሽኑ ቆርቆሮ ይወጣል። ግራውንድ ካለ በሽቦው ወደ መሬት ይሄዳል፣ ብሬከሩንም ይጥለዋል። ግራውንድ ከሌለ የናንተን እጅ ይጠብቃል። እጃችሁ እርጥብ፣ እግራችሁ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦው አልተዘረጋም። ላስቲክ ጫማ አድርጎ ማጠብ መፍትሔ አይደለም። የዚያኑ ቀን ሥራውን አቁሙ። ቧንቧው ወይም ሌላ ዕቃም የሚነዝር ከሆነ ችግሩ የቤቱ መስመር ነው። ያኔ መጠራት ያለበት የቤት መስመር የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው።

ዲቫይደርም አልወድም። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ እስከ 2000 ዋት ሊወስድ ይችላል። በ220 ቮልት ሲሰላ 9 አምፒር ገደማ ነው። ርካሽ ዲቫይደር ይህን አይችልም፣ ይቀልጣል። ስፒናው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። መብራት ሲሄድም ንቀሉት፤ ሲመለስ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

አንዳንዱን ችግር ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ውሃ አልገባ ካለ ቧንቧውን ዝጉና የማስገቢያውን ጎማ ፍቱ። ጫፉ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። በፈረቃ ውሃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ውሃው ሲመለስ አሸዋና ደለል ይዞ ይመጣና ይደፍናታል። በጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ከሮቶ የምትጠቀሙ ደግሞ ከፍታውን እዩ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው። አጭር ማማ ላይ ያለ ሮቶ አይበቃም። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለጥገና ገንዘብ እንዳታወጡ።

ውሃው አልወጣ ካለ ከፊት በኩል ታች ያለውን ፊልተር ፈልጉ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ዝርግ ሳፋ አስጠጉ፣ ቀስ እያላችሁ ፍቱት። የነጠላ ዘርፍ፣ ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ ነው የማገኘው። በሩ አልከፈት ካለ በቢላዋ አትታገሉት፤ ከቆመ በኋላም መቆለፊያው ጥቂት ደቂቃ ይይዛል።

ከዚህ አልፋችሁ የጀርባውን ክዳን አትፍቱ። ቪዲዮ አይታችሁም ቢሆን። ማሽኑ ተነቅሎም ካፓሲተር በሚባለው ኮረንቲ በሚያጠራቅም ዕቃ ውስጥ ኮረንቲ ሊቀር ይችላል። ሽታ ለማጥፋት ብላችሁም በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ አትጨምሩ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ።

ስትደውሉ «ተበላሸ» ብቻ አትበሉ። የሞዴሉን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። መቼ እንደቆመ ንገሩን፦ ውሃ ሲሞላ ነው? ሲያጥብ? ሲጨምቅ? ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ፊደልም ንገሩን። ኤልጂ ላይ «ኦ ኢ» ውሃው አልወጣም፣ «አይ ኢ» ውሃ አልገባም ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ትክክለኛውን ዕቃ ይዤ እመጣለሁ፣ ለባጃጅ ሁለቴ አትከፍሉም።

ቲክቶክ ላይ ብቻ ላያችሁት ሰው ቀብድ በቴሌብር አትላኩ። የመምጫ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ባለሙያው ቦርዱን፣ ማሽኑን የሚያዝዘውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ወደ ሱቅ ልውሰድ ካለ ፎቶ አንስታችሁ፣ ተጽፎ ተፈርሞ ይሂድ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁ። ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ ሞልቶ፣ አጥቦ፣ ጨምቆ ሲጨርስ እዩ። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ደግሞ ቢጫና አረንጓዴውን የግራውንድ ሽቦ «ቦታው መልሰኸዋል? አሳየኝ» በሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።