አሮጌ ሚኒ ላፕቶፕ ስታቀልሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ ባለችው የጥገና ክፍሌ ሁለት ሦስት ሚኒ ላፕቶፖች ከመደርደሪያው ጠፍተው አያውቁም። አንዱን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮታል፣ ሌላውን ታላቅ ወንድም ተመርቆ ለታናሹ አውርሶታል። አብዛኞቹ 8 ጊጋባይት ዲስክ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኤሱስ ሚኒ ላፕቶፕ፣ ኢ ፒ ሲ 701፣ ደግሞ 4 ብቻ ነው የሚይዘው። እነዚህን ማሽኖች እወዳቸዋለሁ። ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ ኢሜይል ለመላክ ዛሬም ይበቃሉ። የሚያሳዝነኝ ሰዎች ቦታ ለማስለቀቅ ሲነሡ ቀድመው የሚሰርዙት ማሽኑን መልሶ የሚያድነውን ነገር መሆኑ ነው።

የኢንተርኔት መግቢያውን መሰረዝ

በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዴል ሚኒ 9 ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሦስት ሌሊት ሠራሁበት፤ አሁን ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጭኖ፣ ስማቸውን የማያውቃቸውን ጥቅሎች (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችና ክፍሎቻቸው የሚጫኑት በጥቅል ነው) አንድ በአንድ እየሰረዘ ጥቂት መቶ ሜጋባይት አትርፏል። ከተሰረዙት አንዱ የዋይፋዩ ፈርምዌር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሶፍትዌር ነበር። የዚያ ማሽን ዋይፋይ የብሮድኮም ሥሪት ስለሆነ ያለ ፈርምዌር አይነሣም። ፈርምዌሩን የሚጭነው ጥቅል ደግሞ ፋይሉን በውስጡ አልያዘም፤ በሚጫንበት ሰዓት ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ስለዚህ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

ልጁ ዶንግሉን፣ በሲም ካርድ የሚሠራውን የዩኤስቢ ኢንተርኔት መሣሪያ፣ አውጥቶ ሰካው። የዶንግሉ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሲዲ ምልክት ብቻ ወጣ። ብዙ ዶንግሎች መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ነው የሚያስተዋውቁት፤ በሊኑክስ ላይ ወደ ሞደምነት የሚለውጣቸው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለ ጥቅል ነው። እሱንም ሰርዞታል። በስልክ ከምታነሡት አንድ ፎቶ ያነሰ ጥቅል!

ስልኬን በኬብል አገናኝቼ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋራሁትና በሩብ ሰዓት ጨረስን። እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንደጠገንኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። የምናደደው በጀማሪው አይደለም፤ «የማታውቀውን ሁሉ ሰርዝ» ብሎ ባስተማረው ሰው ነው። የማታውቁት ጥቅል ካጋጠማችሁ መግለጫውን አንብቡ፤ ሁለት መስመር ነው። ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ከሆነ እለፉት። ዊንዶውስ ኤክስፒን በኢንላይት (ከመጫኛው ላይ ክፍሎችን በሚቀንስ ፕሮግራም) የምታቀልሉም ብትኖሩ የሞደምና የዳያል አፕ ድጋፉን አታውጡ፤ እዚያ አንዴ የወጣ ነገር የሚመለሰው ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ በመጫን ነው። ያም ሆኖ ኤክስፒ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ ስለተቋረጠበት የግድ ካልሆነ በቀር ከኢንተርኔት ባይገናኝ ይሻላል።

ሳይለኩ መቁረጥ

ቦታውን ማን እንደያዘው ሳታዩ አትጀምሩ። ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኞቹ የታወቁ ናቸው፦ ወርደው የቀሩ የመጫኛ ፋይሎች፣ የተጠራቀመ የሥርዓት መዝገብ፣ አሮጌ ከርነሎች (የሥርዓቱ ዋና አካል የቀድሞ እትሞች)። እነሱን ብቻ ስታጸዱ አንድም ፕሮግራም ሳትነኩ ብዙ ቦታ ይለቀቃል። ኤክስፒ ላይ ደግሞ የሂበርኔሽን ፋይሉን (ማሽኑ ሲያንቀላፋ በራም ላይ ያለውን የሚያስቀምጥበትን) እዩት፤ በራሙ ልክ ነው የሚቀመጠው። 1 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ከ8ቱ አንዱ ሄዷል ማለት ነው።

ኢ ፒ ሲ 701ን ከነመጀመሪያው ሊኑክስ ያገኛችሁ ካላችሁ አብረውት የመጡትን ፕሮግራሞች በመሰረዝ አትድከሙ። የሚቀመጡት በማይጻፍበት ክፍል ላይ ነው፤ ከዓይን ይሰወራሉ እንጂ ቦታ አይለቁም።

የዊንዶውስን ፎልደሮች በእጅ ማጽዳት

ዊንዶውስ 7 ላይ «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» የተባለው ፎልደር እጅግ ገዝፎ ይታያል። የሚታየው መጠን ግን ያሳስታል፤ ብዙዎቹ ፋይሎች ሌላ ቦታም የተመዘገቡ ያው ፋይሎች ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። አትንኩት። «ኢንስቶለር» የሚባለውንም እንዲሁ፤ እሱን ካጠፋችሁ በኋላ ፕሮግራም ማሻሻልም ማራገፍም ይቸግራችኋል።

ማን እንዳቀለለው የማይታወቅ ዊንዶውስ መጫን

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን «ላይት» ዊንዶውስ አትጫኑ። ውስጡ ምን እንደተጨመረ አታውቁም፤ በዚያው ማሽን ደግሞ የባንክ ሂሳባችሁን ትከፍታላችሁ።

ፎንትን ከቋንቋ ጋር አብሮ መጥረግ

የፕሮግራሞችን ትርጉም መሰረዝ ችግር የለውም። የፖላንድኛውና የኮሪያኛው የምናሌ ጽሑፍ ይሂድ። ፎንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሙሉ የአማርኛ ደብዳቤ ተራ በተራ የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ሲታይ አይተው ፋይላቸው የተበላሸ መስሏቸው የደነገጡ ደንበኞች አሉኝ። ደብዳቤው ደኅና ነበር፤ የጠፋው የግዕዝ ፊደሉ ነው። ዴቢያን ላይ አቢሲኒካ ፎንትን አስቀሩ፤ የሚይዘው ቦታ ከቁጥር አይገባም።

ዲስኩን እስከ አፉ መሙላት። ማሻሻያ ሲመጣ ወርዶ የሚፈታበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ክፍት ይሁን። ፎቶና ሰነድ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጥ።

አቶም ኤን 270 ፕሮሰሰር ላይ ባለ 64 ቢት ሥርዓት መሞከር። አይሠራም፤ ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ብቻ ነው። ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 13ኛ እትሙ ጀምሮ ባለ 32 ቢት መጫኛ ስለማያወጣ 12ኛውን ያዙ።

ሳያነቡ «አዎ» ማለት

ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንዲት መምህርት ኡቡንቱ (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) የተጫነበት ማሽናቸውን እንዳቀልላቸው ሰጡኝ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አየሁና «እኚህ ሴት ፕሮግራም አይጽፉ፣ ምን ያደርግላቸዋል» ብዬ እንዲሰረዝ አዘዝኩ። አብረውት የሚሰረዙት ጥቅሎች ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶ አለፈ፤ እኔ ግን ደንበኛ እያናገርኩ «አዎ» ብዬ መለስኩ። ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ትል ነበር። ዴስክቶፑ በሙሉ በፓይተን ላይ የቆመ ስለነበር ተከትሎት ሄዷል። የፈተና ወቅት ነበር። ሰነዶቻቸው አልጠፉም፤ መምህርቷ ግን ማሽኑን አስተካክዬ እስክመልስላቸው ሁለት ቀን ተጉላሉ፤ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በ16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሳላስቀምጥ የማንንም ማሽን አልነካም። የ8 ጊጋባይቱ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ይገባበታል። ቀርፋፋ ፍላሽ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ማሽኑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ።