ጡረታ የወጣችሁ ባልና ሚስት፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ 4 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ለሁለታችን ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ያየኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ከሁሉም የከፋው ጡረታ የወጣው ባል ብቻ መሆኑን አለማየት ነው። እኔ 60 ሲሞላኝ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ ደርበው ሸኙኝ። እሷን ግን ማንም «ይብቃሽ» አላላትም። እንዲያውም ሥራዋ ባሰ፤ ድሮ ቀን ቀን ያገኘችውን ቀማምሳ የምትውል ሴት፣ አሁን ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ትኩስ ምሳ የሚጠብቅ ባል ቤት ውስጥ ተቀምጦላታል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ከሳሎን «ወጡ አልደረሰም?» ብዬ ተጣራሁ። ቢላዋውን አስቀምጣ መጣችና «አንተ ሰውዬ፣ የኔ ጡረታ መቼ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ቡና የኔ ሥራ ሆነ። መቁላቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር እሳቱን መቀነስ፣ ወዛ ሲል ቶሎ ከምጣዱ ማውረድ ነው። ጀበናውም አንዴ ከፈላ በኋላ እስኪሰክን መታገሥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አተላ ታጠጧታላችሁ። የሲዳማ ቡና እጃችን ላይ እያለ እሱን ማሳረር ደግሞ ያሳዝናል። አሁን እሷ ወንበሯ ላይ ተደግፋ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ትጠጣለች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሦስቱንም ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ጠጥታ አታውቅም ነበር። ይህን ያወቅኩት ሲኒውን ራሴ ማቅረብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ደስታን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። «ልጆቹ ሲመጡ እንሄዳለን»፣ «እጃችን ሲላላ እናያለን» እየተባለ ዓመት ይነጉዳል። ሰው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ለአልጋ ከፍሎ የሚያየውን ሐይቅ፣ ሰፈራችን ሆኖ ሳለ ዓመት ሙሉ ሳያዩት የሚኖሩ ጡረተኞች አውቃለሁ። ለእኛ እኮ ወጪው የባጃጅ ነው! በጠዋት ተነስታችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አሳ አጥማጆቹ ልጆች መረቡን ሲፈቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ሆድቃ እስኪጣልላቸው ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ እዩ። ዛፍ ላይ ደግሞ ጉሬዛ አይጠፋም። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ ይሁን። እዚያው ጥሬውን የሚበሉ አሉ፤ በኛ ዕድሜ ግን ይቅርባችሁ፣ በደንብ አስጠብሳችሁ ወይ ሾርባ አሠርታችሁ ብሉ። አመሻሽ ላይ ከሆነ የሄዳችሁት ሰው ከሌለበት ቄጠማማ ዳርቻ ራቁ። ሐይቁ ጉማሬ አለው፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል።

ቀኑን ሙሉ ተፋጦ መዋልም ጥሩ አይደለም። ፍቅር ይመስላል፣ ግን የሚወራ ነገር ያልቃል። እሷ ማህበሯ ትሂድ፣ እናንተም ከጓደኛ ጋር ዳማ ተጫወቱ። ማታ ስትገናኙ የምትነጋገሩት አታጡም።

የገንዘቡን ነገር አጭር ላድርገው። የጡረታ አበል ቢበዛ ከአማካይ ደመወዝ 70 በመቶ አያልፍም፤ እጅ እንደሚያጥር እያወቁ ለልጅ፣ ለዘመድ በየፊናቸው በድብቅ የሚሰጡ ባልና ሚስት ወር ሳይጋመስ ይጣላሉ። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ደግሞ ወረቀቱን አስተካክሉ። ጡረተኛው ቢሞት ለትዳር ጓደኛው የሚተርፈው የአበሉ ግማሽ፣ 50 በመቶ ነው፤ ያንን ለማግኘት የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። በሽማግሌ ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው በኛ ዕድሜ ብዙ ናቸው። ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት በየቢሮው ምስክር ይዛ ስትንከራተት አይቻለሁ፣ በጣም ያማል።

የመጨረሻው፣ ዕድሜን ረስቶ እንደ ወጣት መሮጥ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ መውጣት ካማራችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ ከሁለታችሁ ቀስ በሚለው እርምጃ ሂዱ። የኔ ባለቤት ጉልበቷን ስለሚያማት እኛ ግማሽ ላይ እንቀመጣለን። ከዚያም ሆኖ ሐይቁ ይታያል።

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነበርን። ግማሽ ኪሎ ቆሎ በፌስታል ይዘን፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን፣ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ እስክትገባ ብዙም ሳናወራ ቆየን። ነጠላዋን እየደረበች «ነገም እንመጣለን?» አለችኝ። ነገ የእድር ስብሰባ አለብኝ አልኳት።

«ቅዳሜ እንግዲህ» አለችና ቆሎውን ለኔ አሻግራ ተነሳች።